ሾላ በድፍን፦ የአንድ አገር በቀል ዛፍ ውስጠ ምሥጢር

መግቢያ

አንድ ጉዳይ ዝርዝሩ ሳይገለጥ፣ ውስጡም ሳይመረመር በጥቅሉ ብቻ ሲቀርብልን «ነገሩ ሾላ በድፍን ነው» እንላለን። የአነጋገሩን ስሜት ለመረዳት የሾላን ፍሬ ማየት ይበቃል። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ፍሬ ድፍን ነው፤ ሲከፈት ግን በአንዱ ጣፋጭ ሥጋ፣ በሌላው ደረቅ ገለባ፣ በሌላው ደግሞ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ነፍሳት ይገኛሉ። በዚህም ምክንያት በገጠር ሾላ የሚለቅሙ ልጆች ፍሬውን ወደ አፋቸው ከማድረጋቸው በፊት ለሁለት ፈልቅቀው ይመለከቱታል፤ እፍ ብለውም ነፍሳቱን ያራግፋሉ።

ለመሆኑ እነዚህ ነፍሳት በድፍን ፍሬ ውስጥ እንዴት ሊገኙ ቻሉ? ፍሬው ስለተበላሸ ነውን? ብዙዎቻችን እንደዚያ እናስብ ይሆናል። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። ከእነዚህ ነፍሳት መካከል አንዱ ዓይነት ከሌለ ሾላ ዘር አይኖረውም፤ ሾላ ከሌለም ነፍሳቱ አይኖሩም። በዚህ ጽሑፍ የሾላን የአበባ አሠራር፣ ከተርብ ጋር ያለውን ትስስርና ለሰው የሚሰጠውን ጥቅም እንመለከታለን። ለምሳሌነትም በምዕራብ ሸዋ የሚገኘውን የደንዲ ወረዳና አካባቢውን እንወስዳለን። በመጨረሻም ተማሪዎች በአካባቢያቸው ሊያከናውኑት የሚችሉት ቀላል ምልከታ እናቀርባለን።

የሾላ ዘመዶችና መለያቸው

ሾላ ፊከስ ተብሎ በሚጠራው የዕፀዋት ወገን ውስጥ ይመደባል። ይህ ወገን ከ750 በላይ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሚበቅሉት በሐሩር ክልል ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ከጥንት ጀምሮ ሲለማ የኖረው የበለስ ዛፍም የዚሁ ወገን አባል ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ በለስ እየተባለ የሚበላው የቁልቋል ፍሬ ግን ከሾላ ጋር ዝምድና የለውም።

የፊከስ ወገን የሆነን ዛፍ ለመለየት ሦስት ምልክቶች ይረዳሉ። አንደኛ፣ ቅጠሉ ሲቀነጠስ ወይም ቅርፊቱ ሲጫር ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣል። ሁለተኛ፣ በለጋ ቅርንጫፍ ላይ ቀለበት የመሰለ ጠባሳ ይታያል፤ ይህም እምቡጡን ሸፍኖ የነበረው ሽፋን ሲረግፍ የሚተወው ምልክት ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው ምልክት ድቡልቡሉ ፍሬ ሲሆን፣ በጫፉ ላይ ጠባብ ቀዳዳ አለው።

ከጊንጪ እስከ አምቦና ጉደር ባለው አካባቢ የሚጓዝ ተመልካች የሚከተሉትን አራት ዝርያዎች ቢያውቅ ይጠቀማል።

ሾላ (ፊከስ ሱር፤ በኦሮምኛ ሀርቡ)፦ ብዙውን ጊዜ በወንዝና በምንጭ ዳር ይበቅላል። ለጋ ቅጠሎቹ ቀላ ያሉ ናቸው፤ የቅጠሉም ጠርዝ እንደ መጋዝ የተቆራረጠ ወይም ሞገድ የመሰለ ነው። ፍሬው ከግንዱና ከትልልቅ ቅርንጫፎች ላይ ቅጠል በሌላቸው ዘለላዎች ተንጠልጥሎ ይወጣል፤ ሲበስልም ወደ ብርቱካንማ ቀይ ይለወጣል።

ባምባ (ፊከስ ሲኮሞረስ፤ በኦሮምኛ ኦዳ)፦ በብዙ ቦታ ይህም ሾላ ይባላል። ቅጠሉ ወደ ክብነት ያደላና ሲዳሰስ ሻካራ ነው። ከቀድሞው ይልቅ ሞቃታማ ቦታን ይወድዳል።

ዋርካ (ፊከስ ቫስታ፤ በኦሮምኛ ቅልጡ)፦ እጅግ ሰፊ ጥላ ያለው፣ ግንዱ ግዙፍ፣ ቅጠሉም ትልቅ ነው። ፍሬው ከቅጠሉ ሥር ከቅርንጫፉ ጋር ተጣብቆ ይወጣል።

ጭብሃ (ፊከስ ቶኒንጂ፤ በኦሮምኛ ደምቢ)፦ ቅጠሉ አነስ ያለና ለስላሳ፣ ፍሬውም ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ በሌላ ዛፍ ላይ በቅሎ ሥሩን ወደ መሬት ይሰድዳል።

የሾላና የዋርካን ሳይንሳዊ ስም ያወጣው የታዋቂው የካርል ሊኔየስ ተማሪ የነበረው ፔር ፎርስኮል ነው። ፎርስኮል ከዴንማርክ መንግሥት የጥናት ቡድን ጋር ወደ ግብፅና ወደ የመን ተጉዞ ዕፀዋትን ሲሰበስብ እ.ኤ.አ. በ1763 በየመን በበሽታ ሞተ። ሥራው የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1775 ነበር።

ወደ ውስጥ የተገለበጠ አበባ

«ሾላ ሳያብብ ያፈራል» ሲባል እንሰማለን። በእርግጥም በሾላ ዛፍ ላይ አበባ ያየ ሰው የለም። ይህ ማለት ግን ሾላ አበባ የለውም ማለት አይደለም፤ አበቦቹ የሚገኙት እኛ ፍሬ በምንለው ነገር ውስጥ ነው።

ጉዳዩን በምሳሌ እናስረዳ። የሱፍ አበባን እናስብ። ትልቁ ክብ ገጽ አንድ አበባ ይምሰል እንጂ በላዩ ላይ የተደረደሩ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። አሁን ይህን ክብ ገጽ ጠርዙን ይዘን ወደ ውስጥ ብናጥፈውና አፉን እንደ ቦርሳ ብናጠብበው፣ አበቦቹ ሁሉ ወደ ውስጥ ዞረው ይቀራሉ። ሾላ ማለት ይህ ነው። የዕፀዋት ሊቃውንት ይህን ቦርሳ ሲኮኒየም ብለው ይጠሩታል።

በአንድ ሲኮኒየም ውስጥ በብዙ መቶዎችና በሺዎች የሚቆጠሩ አበቦች ይገኛሉ። ወንዴ አበቦቹ የወንዴ ብናኝ የሚያመርቱ ናቸው። ሴቴ አበቦቹ ደግሞ በአንገታቸው ርዝመት ይለያያሉ፤ አንዳንዶቹ አንገታቸው ረዥም፣ ሌሎቹ አጭር ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ኋላ እንደምናየው ታላቅ ትርጉም አለው።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት ይገጥመናል። ሴቴዎቹና ወንዴዎቹ አበቦች በአንድ ጊዜ አይደርሱም። ሴቴዎቹ ቀድመው ይደርሳሉ፤ ወንዴዎቹ ብናኛቸውን የሚለቅቁት ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ሾላ ለራሱ ብናኝ ሊሰጥ አይችልም። ነፋስም ብናኝ ይዞ በጠባቡ ቀዳዳ ሊገባ አይችልም። መልእክተኛ ያስፈልጋል።

መልእክተኛዋ ተርብ

መልእክተኛዋ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ተርብ ናት። ሴራቶሶለን ከሚባለው ወገን የሆኑ ተርቦች ሾላንና ባምባን ያገለግላሉ። የባምባዋ አገልጋይ ሴራቶሶለን አራቢከስ ስትሆን፣ አኗኗሯን ጋሊልና አይሲኮዊች የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በምሥራቅ አፍሪካ በዝርዝር አጥንተዋል። ሂደቱ በአጭሩ የሚከተለውን ይመስላል።

በመጀመሪያ፣ ሴቴ አበቦቹ ሲደርሱ ሾላው ልዩ ሽታ ያወጣል። እንቁላልና ብናኝ የተሸከመች ሴት ተርብ ሽታውን ተከትላ ትመጣለች። የሾላው ቀዳዳ ግን በተደራረቡ ቅርፊቶች የተዘጋ ነውና ስትገባ ክንፎቿ ይረግፋሉ። የገባች ተርብ ተመልሳ አትበርርም።

ቀጥሎ በውስጥ ሆና ሁለት ሥራ ትሠራለች። በደረቷ ላይ ካሉ ልዩ ከረጢቶች ብናኝ እያወጣች በአበቦቹ ላይ ትነሰንሳለች። እንቁላሏንም በአበቦቹ አንገት በኩል ወደ ውስጥ ትጥላለች። የእንቁላል መጣያዋ ርዝመት የተወሰነ ስለሆነ አንገታቸው አጭር የሆኑትን አበቦች ብቻ በሚገባ ትደርስባቸዋለች። አጭሮቹ የተርብ ልጆች ማሳደጊያ ይሆናሉ፤ ረዥሞቹ ዘር ያፈራሉ። ዛፉ ከአበቦቹ ከፊሉን ለተርቧ ከፍሎ ከፊሉን ለራሱ ያስቀራል ማለት ይቻላል። እናቲቱም ሥራዋን ጨርሳ በዚያው ትሞታለች።

ከሳምንታት በኋላ መጀመሪያ የሚወጡት ወንዶቹ ተርቦች ናቸው። ክንፍ የላቸውም። ገና ያልወጡትን ሴቶች ባሉበት ያጠቃሉ፤ ከዚያም የሾላውን ግድግዳ ቆፍረው መውጫ ያበጃሉ፤ አብዛኞቹም የውጭውን ዓለም ሳያውቁ ይሞታሉ። በዚሁ ጊዜ ወንዴ አበቦቹ ይደርሳሉ። ሴቶቹ ተርቦች ከአበቦቹ ብናኝ ሰብስበው በደረታቸው ከረጢት ይሞላሉና ወንዶቹ ባበጁት ቀዳዳ ይወጣሉ።

ተርቦቹ ከወጡ በኋላ ሾላው ይለሰልሳል፣ ይቀላል፣ ይጣፍጣልም። እንግዲህ የበሰለ ሾላ ስንከፍት የምናገኛቸው ነፍሳት ቀሪዎቹ ናቸው። በውስጡ የምናያቸው ነፍሳት ሁሉ ግን አገልጋዮች አይደሉም። ለምሳሌ ሴራቶሶለን ጋሊሊ የተባለችው ተርብ በባምባ ፍሬ ውስጥ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ብናኝ ግን አታደርስም። በተፈጥሮም ውስጥ ሳይከፍሉ የሚጠቀሙ አሉ።

አንድ ዛፍ ብቻውን ለምን አይበቃም?

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደርሰናል። ከሾላው የወጣች ሴት ተርብ ዕድሜዋ አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሴቴ አበቦቹ የደረሱለት ሌላ ሾላ ማግኘት አለባት። በአንድ ዛፍ ላይ ያሉት ፍሬዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአንድነት ይደርሳሉ፤ ስለዚህ ከዛፉ ስትወጣ በዚያው ዛፍ ላይ የሚቀበላት አበባ አታገኝም። ሌላ ዛፍ ያስፈልጋታል፤ ያም ዛፍ በትክክለኛው ቀን ዝግጁ መሆን አለበት።

ምን ያህል ዛፍ ይበቃል? በቀላል ስሌት እንሞክረው። አንድ ዛፍ በዓመት 3 ጊዜ ያፈራል፣ በየጊዜውም ተርብ ሊቀበል የሚችለው ለ7 ቀናት ነው እንበል። እንግዲያውስ ዛፉ በዓመት ለ21 ቀናት ብቻ ዝግጁ ነው። 365ን ለ21 ብናካፍል ከ17 ጥቂት ይበልጣል። ይህም ማለት 18 ዛፎች ተራ ይዘው እየተተካኩ ቢያፈሩ ዓመቱን ሙሉ ይሸፍናሉ ማለት ነው።

ነገር ግን ዛፎች ተራ አይዙም። እያንዳንዱ ዛፍ በራሱ ጊዜ ቢያፈራ፣ በአንድ በተወሰነ ቀን አንድ ዛፍ ዝግጁ ያለመሆን ዕድሉ 344/365 ነው። ሁሉም ዛፎች በዚያ ቀን ዝግጁ ያለመሆናቸው ዕድል የሚገኘው ይህን ቁጥር በዛፎቹ ብዛት ልክ በራሱ በማባዛት ነው። ውጤቱ እንደሚከተለው ይሆናል።

18 ዛፎች ቢኖሩ፦ በዓመት ወደ 126 ቀናት ተርብ የሚቀበል ዛፍ አይኖርም።
50 ዛፎች ቢኖሩ፦ ወደ 19 ቀናት።
100 ዛፎች ቢኖሩ፦ ወደ 1 ቀን።

መነሻ ቁጥሮቹን ለስሌቱ እንዲመቹ የወሰድናቸው ቢሆንም፣ የተገኘው ትምህርት የጸና ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ጁዲት ብሮንስታይንና ባልደረቦቿ በኮምፒውተር ባደረጉት ጥናትም የተርቦቹ ዘር እንዳይቋረጥ ወደ መቶ የሚጠጉ ዛፎች እንደሚያስፈልጉ አሳይተዋል።

እነዚህ ዛፎች ሁሉ በአንድ መንደር ውስጥ መሆን አለባቸው ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በናሚቢያ በረሃ በባምባ ዛፎች ላይ የተካሄደ የዘረመል ጥናት ይፋ ሆኖ ነበር። በዚያ ጥናት መሠረት ተርቦቹ በነፋስ እየተወሰዱ ብናኝን እስከ 160 ኪሎ ሜትር ድረስ አድርሰዋል። ከአዲስ አበባ አምቦ ያለው ርቀት 115 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ስናስታውስ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር የምታህል ነፍሳት በአንድ ቀን ዕድሜዋ የምትጓዘው መንገድ ያስደንቃል። በመሆኑም በአንድ ሸለቆ የቆመ ሾላ በሩቅ ካለ ሌላ ሸለቆ ሾላ ጋር በዓይን በማይታይ ክር የተሳሰረ ነው። ክሩ ግን የሚኖረው በሁለቱም ጫፍ ዛፍ ሲኖር ብቻ ነው።

ከግብፅ የሚገኝ ትምህርት

ተርቧ ባትኖር ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ መልሱን ለማግኘት ግብፅን መመልከት ይበቃል። ባምባ በግብፅ ከፈርዖኖች ዘመን ጀምሮ ይተከል ነበር፤ ከእንጨቱም የሬሳ ሣጥን ይሠራ ነበር። በሉቃስ ወንጌል ዘኬዎስ የወጣበት ዛፍም ይኸው ባምባ ሲሆን፣ በአማርኛው ሾላ ተብሏል። ነገር ግን ብናኝ የምታደርሰው ተርብ በዚያ ስለሌለች የግብፅ ባምባ ዘር አያፈራም። ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖረው ሰው ቅርንጫፍ እየቆረጠ ስለተከለው ብቻ ነው።

ፍሬው እንዲበስልም ሰው ብልሃት መፍጠር ነበረበት። ገበሬዎች ጥሬውን ፍሬ በስለት ጫር ያደርጉታል፤ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ይበስላል። ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ይህንኑ ጽፎአል። ምክንያቱ የታወቀው ግን በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። የተጫረው ፍሬ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ ጥሬ ሙዝ ታፍኖ ሲቀመጥ እንዲበስል የሚያደርገው ያው ጋዝ ነው።

በኢትዮጵያ ግን ተርቧም ዛፉም በአንድነት ይኖራሉ። ሾላችን ዘር አለው፤ ወፍ በጣለችው ዘር በገደል አፋፍና በወንዝ ዳር ራሱን ተክቶ ይበቅላል። ግብፃውያን በሺህ ዓመታት ድካም ያቆዩትን ነገር ተፈጥሮ ለእኛ ያለ ዋጋ ትሠራልናለች። ይህን ሀብት ሳናውቀው ብናጣው ጉዳቱ ድርብ ይሆናል።

ሾላ ለሰውና ለአካባቢው የሚሰጠው ጥቅም

ፍሬው ለምግብ ይሆናል፤ በተለይ እህል በሚያጥርበት ወቅት ልጆችና እረኞች ይጠቀሙበታል። ቅጠሉና የወደቀው ፍሬ በበጋ ለከብት መኖ ይሆናል። እንጨቱ ቀላልና ለስላሳ በመሆኑ ለቤት ምሰሶ አይመረጥም፤ ሙቀጫ፣ ከበሮና የንብ ቀፎ ለመሥራት ግን ይመቻል። ወተቱና ቅርፊቱ በባህል ሕክምና ውስጥ ሰፊ ቦታ አላቸው። ወተቱ ግን ቆዳን የሚያሳክክና ዓይንን የሚጎዳ ስለሆነ ያለ ዕውቀት መጠቀም አይገባም።

ለዱር እንስሳት ያለው ጥቅም ከዚህም ይልቃል። የተለያዩ የሾላ ዛፎች በተለያየ ጊዜ ስለሚያፈሩ፣ ሌላ ፍሬ በሌለበት ወር እንኳ የሚበላ ሾላ አይጠፋም። ጦጣና ጉሬዛ፣ የሌሊት ወፍና ልዩ ልዩ አዕዋፍ በሾላ ይኖራሉ፤ በምላሹም ዘሩን ይበትናሉ። እንግዲህ ተርቧ ዓመቱን ሙሉ ማደሪያ እንድታገኝ የሚያደርገው ጠባይ እንስሳቱም ዓመቱን ሙሉ ምግብ እንዲያገኙ ያደርጋል።

ማኅበራዊ ጥቅሙም ሊዘነጋ አይገባም። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ኦዳ የገዳ ሥርዓት ጉባኤ የሚካሄድበት ዛፍ ነው፤ በምዕራብ ሸዋ የሚገኘው ኦዳ ቢሲል ከታወቁት የጉባኤ ሥፍራዎች አንዱ ነው። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል። በአዲስ አበባም ሾላ ገበያ ስሙን እንደያዘ ይገኛል።

የደንዲ ሁኔታ

ደንዲ ወረዳ ዋና ከተማው ጊንጪ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ጊንጪ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ አላት። ሜዳው ዋልካ አፈርና የጤፍ ማሳ ነው። ከከተማዋ በስተ ሰሜን ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ያሉበት የጭልሞ ደን ይገኛል። አካባቢው የውሃ መክፈያ ነው፤ አዋሽ ከዚህ ከፍታ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሲወርድ፣ በአምቦ የሚያልፈው ሁሉቃ ደግሞ ወደ ጉደር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል።

ሾላ የቆላና የወይና ደጋ ዛፍ ስለሆነ ወደ ደጋው ሲወጣ ቁጥሩ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ በደንዲ ሾላ የሚገኘው እንደ ደን ሳይሆን በወንዝና በምንጭ ዳር፣ በማሳ ወሰንና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተበታትኖ ነው። ከላይ ያየነውን ስሌት ስናስታውስ የዚህ ትርጉም ግልጽ ይሆናል። መቶ ዛፍ ካለበት ቆላ አንድ ዛፍ ቢቆረጥ ጉዳቱ ብዙ ላይሰማ ይችላል፤ ጥቂት ዛፎች ባሉበት የከፍታ ጫፍ ላይ ግን እያንዳንዱ ዛፍ ለተርቧ አንድ ማረፊያ ነው።

ዛፎቹ የሚቆረጡት በክፋት አይደለም። ማሳ ሲሰፋ የወንዝ ዳር ይታረሳል። ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ገንዘብ ስለሚያስገኝ ገበሬው እርሱን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ለሾላ ምትክ አይሆንም፤ የሚበላ ፍሬ የለውም፣ ከብት ቅጠሉን አይበላም፣ ውሃም ብዙ ይጠጣል። ከሁሉ በላይ አሳሳቢው የጉዳቱ አለመታየት ነው። ጎረቤቶቹን ያጣ ትልቅ ሾላ ለብዙ ዓመታት ለምልሞ ሊቆም ይችላል፤ ተርብ ሳይደርስለት የቀረው ፍሬ ግን ሳይበስል ይረግፋል። ዛፉ አለ እንላለን፤ ዘሩ ግን ቆሟል።

ተስፋ ሰጪ ጅምሮችም አሉ። ጭልሞ በኢትዮጵያ አሳታፊ የደን አስተዳደር ቀድሞ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአካባቢው ነዋሪዎች ደኑን በኅብረት መጠበቅ ጀምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ተከላም ለወንዝ ዳር ሾላን መምረጥ ይቻላል። ሾላ ከዘርም ከቅርንጫፍም ይበቅላል። ከቅርንጫፍ ሲተከል ግን ቅርንጫፎቹ ከአንድ ዛፍ ብቻ መወሰድ የለባቸውም፤ የአንድ እናት ቅጂዎች የዘር ውርሳቸው አንድ ስለሆነ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲያፈሩ ሊያዘነብሉ ይችላሉ። የሚያስፈልገን ደግሞ በተለያየ ጊዜ የሚያፈራ ሾላ ነው።

ለተማሪዎች የቀረበ ምልከታ

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ማስታወሻ ደብተር፣ ምላጭና የእጅ አጉሊ መነጽር ናቸው። ወደ ሰው ይዞታ ከመግባት በፊት ፈቃድ መጠየቅ፣ ዛፍ ላይ አለመውጣት፣ ወተቱም ዓይን እንዳይነካ መጠንቀቅ ይገባል።

1. በትምህርት ቤታችሁ ዙሪያ ያሉትን ሾላዎች ቆጥራችሁ ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡ፤ የቆሙበትንም ቦታ በንድፍ ካርታ ላይ አመልክቱ።
2. በየሳምንቱ በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ ፍሬ መኖሩን፣ ጥሬ ወይም የበሰለ መሆኑን መዝግቡ። ከአንድ ዓመት በኋላ ፍሬ ያልነበረባቸውን ሳምንታት ቁጠሩ።
3. ከየደረጃው ጥቂት ፍሬዎችን ለሁለት ክፈሉና በመነጽር ተመልከቱ። ክንፍ ያላቸውና የሌላቸው ነፍሳት ስንት ናቸው? ዘር ያላቸው አበቦችስ?
4. ገና በለጋነታቸው ጥቂት ፍሬዎችን ጥብቅ ሽመና ባለው ስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ እሰሩ። ከሌሎቹ ጋር ስታነጻጽሩ የሚረግፉት የትኞቹ ናቸው?

ይህ መዝገብ ለአንድ ክፍል የቤት ሥራ ብቻ አይደለም። በአካባቢው ያሉት ሾላዎች ለተርቧ ይበቁ እንደሆነ ለማወቅ የሚያስፈልገው መረጃ ይኸው ነው።

ማጠቃለያ

ሾላ ከውጭ ሲያዩት አንድ ዛፍ ነው። ከፍተን ስናየው ግን ዛፉ፣ ተርቧ፣ ዘሩን የሚበትኑት እንስሳትና በሌላ ሸለቆ የቆሙት ሌሎች ሾላዎች በአንድነት የሚገኙበት ማኅበር ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ «አንድ ቢቆረጥ ሌላ አለ» የሚለው አስተሳሰብ ለሾላ አይሠራም፤ ሌላው የሚያፈራው አንዱ ስላለ ነውና። ሾላን ለመጠበቅ የሚፈልግ ሁሉ ዛፉን ከመቁጠር አልፎ የዛፎቹን ጊዜና ርቀት መቁጠር ይኖርበታል። ይህንንም ቆጠራ ከማንም በፊት ሊጀምሩት የሚችሉት ወደ ትምህርት ቤት ሲመላለሱ በሾላው ሥር የሚያልፉት ተማሪዎች ናቸው።